ያደፈውን ስጡኝ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
የላውዝ ገበያ ሸራው ሳይዘረጋ፣
ካፊያው ውስጥ ቆሜ መንገድ አያለሁ፤
ስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ እሽቀዳደማለሁ፣
ፔኒኩክ ካርቶኑን ከመኪናው ሲያወርድ፣
ጣቴ በጓንቱ ውስጥ እንደ ልጅ ጣት ሲርድ።

መዳፍ የሚያካክሉ የጦር ሥዕል መጻሕፍት፣
ሽቧቸው የዛገ፣ ሽታቸው የምድር ቤት፤
ታንክ ወንዝ ይሻገራል፣ ጀልባ ሲነድ ያድራል፣
ሻምበሉ ጥርሱን ነክሶ ከሰማይ ይወርዳል፤
የአንድ ሺሊንግ ጀግና፣ ጥይት የሚሸሸው፣
ከባሕር ሲወጣም ጸጉሩ ያልተበላሸው።

ከሊድስ የሚመጣው ያ የጥርስ ሐኪም
ጥጉ የታጠፈ ቢሰጡት አይነካም፤
ንጹሑን መርጦ በላስቲክ ያሽጋል፣
ካዝና ውስጥ ይከታል፣ ሳያነበው ያረጃል።

እኔ ግን እላለሁ፦ «ያደፈውን ስጡኝ፤
ህዳጉ በእርሳስ የተጫጫረ ካለ አሳዩኝ።»
ፔኒኩክ ይስቃል፤ «ሃምሳ ፔንስ ይበቃል፤
እንዳንተ ያለ ደንበኛ ቢበዛ፣ ሱቄ ይዘጋል።»

አባቴን ሲሪልን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣
በዓሣ ጀልባ ላይ፣ ግራጫ በተቀባው፣
ፈንጂ ጥረግ ብለው ሰሜን ባሕር ላኩት።
ተመለሰ። ስለዚያ ግን አንድ ቀን ሲያወራ አልሰማሁት።
«እንዴት ነበር?» ስለው «ብርድ ነበር» ይላል፣
ስኳር የሌለበት ሻዩን ያማስላል።
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ጭር ይላል ወደብ፣
እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ በባትሪ ሳነብ።

ለካ እኔ ስተኛ እሱ ያነባቸዋል።
የዓሣ ሣጥን አናጺ ነው፣ ወፍራም እርሳስ ከጆሮው አይጠፋም፤
በማለዳ ስገልጥ ህዳጉ ተጽፎበታል፦
«መድፉ በዚህ በኩል አልነበረም።»
«ገመድ እንዲህ አይታሰርም።»
«በየካቲት ወር ማንም ጓንቱን አያወልቅም።»

ምን ያህል ተናደድሁ! ንብረቴን አጎደፈ፣
ሥዕሌን አበላሸ፣ ጀግናዬን ዘለፈ!
ሃያ ሦስቱን ወስጄ ለኔቪል ሰጠሁት፣
ሁለት የተጻፈበት በአንድ ንጹሕ ለወጥሁት።

አንዷ ብቻ ቀረች፣ ከቁም ሳጥን ኋላ ወድቃ።
አባቴ በተቀበረ ሳምንት አገኘኋት፣ አቧራ ጠጥታ፣ ደርቃ።
ገጽ አርባ አንድ፦ መርከቧ ትሰምጣለች፣
ሰዎች ይዋኛሉ፣ ነፍስ አድን ጀልባ ትደርሳለች፤
ሠዓሊው ሁሉንም አድኗል፣ ሁሉም ፈገግ ብለዋል።
አባቴ ከየራሳቸው በላይ ስም ጽፏል፦
«ፈርንሊ።» «ታፕ።» «ትንሹ ኦስዋልድ።»
አራተኛው ላይ ስም የለም።
እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ጥቂት ሲቀረው፣
«ይኼንን ይዤው ነበር» ይላል።

ኔቪል አውስትራሊያ ሄደ፤ እናቱ ሳጥኑን
ለቤተ ክርስቲያን ባዛር ሰጠች፣ አላውቅም ቀኑን።
እኔም ይኸው እለቅማለሁ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ፤
አምስቱን አገኘሁ፣ አሥራ ስምንት ቀረኝ።
በአንዱ «ሾርባው ጨው ብቻ ነበር» ይላል።
በሁለቱ መድፍና መልሕቅ ብቻ አርሟል።
በአንዱ የጥያቄ ምልክት አለ፣ ሌላ ምንም።
በአምስተኛው፣ ጀርመናዊው ወታደር አፉን ከፍቶ ሲወድቅ፣
«ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።
ማንን እንደሚጠይቅ አላውቅም።

ዛሬም ከካርቶኑ ግርጌ አንዲት ወጣች፣ ህዳጓ የጠቆረ።
መነጽሬን ጠረግሁ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ነበረ።
የእሱ እጅ አይደለም። አንድ የማላውቀው ልጅ
ለሻምበሉ ጢም ስሎለታል፣ ጠማማ፣ የድመት ጢም።
ሃምሳ ፔንሴን ቆጥሬ ሰጠሁ፣
ከዝናቡ በካፖርቴ ሸሸግኋት።