መዝገቡ የለም

ጅማ ላይ ዝናብ ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም፤
«ሳምንት ተመለሱ» ብሎ ሰው አያመላልስም።
ከጽሕፈት ቤቱ በር ትይዩ፣ ከባጃጆቹ ተራ፣
ዣንጥላ ተክዬ ማመልከቻ ስሠራ
ዐሥራ ሰባት ክረምት አለፈ። ታይፔ አርጅታለች፤
«ጉ» የምትባለዋን ፊደል ትዘላለች።
እና «ጉዳት» የሚል ቃል በመጣ ቁጥር
እስክሪብቶ እመዛለሁ ከሻሼ ሥር።

መዝገቡና ነዚፍ ባንድ መኪና ነበሩ፤
ጠጠሩ ላይ ተቀምጠው ጎጀብን ሲሻገሩ
ፍሬን እምቢ አለ።
ያንዱም ግራ እግር፣ የሌላውም ግራ፣
ጎማው ሥር ተገናኙ ከጠጠሩ ጋራ።
ጥንድ ጫማ ይመስላሉ፤ ቀኝ የሌለው ጥንድ።
አንድ አምቡላንስ፣ አንድ ክፍል፣ የሐኪሙም እጅ አንድ፤
ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ እኩል አራት ጣት፣
ቆረጣቸው ባንድ ጧት።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።
ነዚፍን ድርጅቱ አዳማ ነበር የቀጠረው፤
ፋይሉ ወደዚያው ሄደ። ባራት ወር ቦርድ ፊት ቀረበ፤
«ስልሳ በመቶ» የሚል ውሳኔው ተነበበ።

መዝገቡ ግን የጅማ ነው።
እዚህ ቦርዱ ሦስት ሐኪም ነው፤ አንዱ ለትምህርት ሄዷል፤
ሁለት ሰው ቦርድ አይሆንም፤ ጉዳዩ ተላልፏል።
ጎደሎን የሚለካው ራሱ ጎደለ፤
መዝገቡ ዓመት ጠበቀ፣ ሁለተኛውን ቀጠለ።

ጸሐፊው በመስኮት አንገቱን አወጣ፦
«መዝገቡ የለም።»
«እንዴ! ይኸው ቆሜ የለም?»
«አንተን አላልኩም፣ ሰውዬ፤ ፋይሉን ነው የምለው።»
«እሱስ ቢሆን ከኔ ሌላ ማን አለው?»

በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ ተመለሰ።
ቦርዱ ሞላ፤ የመዝገቡ ጉልበት ተዳሰሰ።
«ሠላሳ አምስት በመቶ።»

ክራንቹን ካጥሩ አስደግፎ አጠገቤ አረፈ፤
«ጻፊልኝ፦ የሐሙስ ገበያ ሚዛን ዐሥር ግራም ካለፈ
ባለ ሱቁ ይከሰሳል።
ከእግሬ ላይ ሃያ አምስቱን ማን ነው የቀነሰው?
ያው አጥንት፣ ያው መጋዝ ነው፣ ያው ሰው።
ወይስ አዳማ ላይ እግር ይወደዳል እንደ ጤፍ?»
ከጎኑ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል ነዚፍ።

ቆጪ ሱቅ ከፍቷል፣ ባበሉ። ሲስቅ ያፍራል፤
የራሱን ውሳኔ ኮፒ በላስቲክ ይዞ ይዞራል።
«አያይዥው» አለኝ። አያያዝኩት።
ይግባኙን አዲስ አበባ ሰሙት። ስድስት ደቂቃ።
ጊቤን የወረደው ክራንቹን አቅፎ፣ እንደ ጠበቃ፤
የተመለሰው በዚህ መልስ፦
«ጉዳይ ሁሉ የሚታየው ነው ለየብቻ።»
«ጎማውስ?» አለ ነዚፍ። ይህን ብቻ።

እኔ ደብተር አለኝ፣ የልጄ፣ ግማሹ ያልተጻፈበት፤
ከቦንጋ፣ ከበደሌ፣ ካጋሮ የመጣውን የምቆጥርበት።
ጣት፦ ሰባት ወር።
ያው ጣት፣ ሌላ ከተማ፦ ሠላሳ አንድ ወር።
ዓይን፦ ባለቤቱ ከውሳኔው በፊት ገባ አፈር።
ለማን እንደማሳየው አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።
ድምር አልሠራሁም፤
ድምሩን እፈራለሁ።

ትናንት መዝገቡ መጣ፣ እጁ ላይ አዲስ ማዘዣ፦
«ጉዳቱ ዛሬም ስለመኖሩ ይቅረብ የታደሰ ማስረጃ።»
«ጻፊ እንግዲህ» አለ፣ ወደ ደመናው እያየ፤
«በትር ቢተክሉ በሚጸድቅበት አገር፣
ይህን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ፣ አልበቀለም የመዝገቡ እግር።»

መታሁለት።
«ጉ» ጋ ስደርስ ታይፔ እንደ ልማዷ ዘለለች።
እጄ እስከ ሻሼ ሄደች፤
ተመለሰች።
«...ዳት» እንዳለ ተውኩት፤
ካነበቡት፣ ራሳቸው ይሙሉት።