ወፍራም እግር፣ ቀጭን ክር

ይመር አራጌ ሁለት ብሩሽ አለው፤
አንዱ መዳፍ የሚያህል፣ አንዱ የድመት ጢም።
በሰፊው የ«ሰ»ን እግሮች እንደ ቤት ምሰሶ ይተክላል፣
በቀጭኑ ቅስቷን ያስራል፣
ከታች ጫማ ያደርግላታል፤
ደሴ ዳገት ናት፣ ባዶ እግር ያንሸራትታል።

«ይኼ ፊደል ለመጣራት ነው» ይለኛል፣ መሰላሉን ስይዝለት፤
«ለወፍጮ ቤት፣ ለዳቦ ቤት፣ ለሐይቅ መኪና ግንባር።
ከሩቅ ካልጠራ ምኑን ፊደል ሆነ?»

አንድ ቀን እንድሪስ መጣ፣
በአጥር የተጣላውን ወንድሙን ሊክስ።
«ይቅር በለኝ»ን በዚሁ ጻፍልኝ አለ፣
በትልቁ፣ በጥቁሩ።
ይመር ብሩሹን ላምባ ውስጥ ነከረው።
«ይኼን በእስክሪብቶ፣ በገዛ እጅህ፤
ቢጣመምም ይጣመም።
በጆሮ የሚባል ነገር ባደባባይ አይጮህም።»

የራሱ ሰሌዳ ግን አርጅቷል።
ሐምሌ ሐምሌ ጦሳ ጉሙን ሲለቅበት
ክሩ ሁሉ ይጠፋል፣ ቅስቱም፣ ጫማውም፤
እግሮቹ ብቻ መንገድ ዳር ይቀራሉ፣
ከወገብ በላይ እንደተዋጡ መንገደኞች።

እኛ ግን እናነበዋለን።
የጎደለውን
ከየት እንደምናመጣው እንጃ።