መጋቢት አሥራ አራት

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሞላሌ ላይ ቆሜ፣
ብልቃጥ በጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ከነእንፋሎቱ አትሜ፣
«በሙከራው መሠረት፣ ፈሳሹ ቀይ ሆነ» ብዬ አስጽፌአለሁ።
ቀይ ሲሆን አላየሁ።
ብልቃጥ አልነበረን። አሲድ አልነበረን።
ቁልፉ የጠፋ ቁምሣጥን፣ «ላቦራቶሪ» የሚል ወረቀት ነበረን።

ፈተናም አወጣሁ፦ «ምን ዓይነት ቀለም ነው?»
አረንጓዴ ያለውን፣ ሰርዤ ዜሮ ሰጠሁት፣ አይቼ እንደማውቀው።

ዘንድሮ ግን፣ ጡረታ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣
ደብረ ብርሃን ለሥልጠና፣ አንድ ልጅ እግር ባለሙያ፣ ከፊቱ አስቀመጠኝ።
«የዝናብ ጣቢያችን ከእናንተ ሩቅ ነው፤
የመሃሉን ገደል፣ የመሃሉን ሜዳ፣ ማን አይቶ ይንገረን፣ እዚያው ካለ ሰው?»

ሃያ ስድስት ሃይላንድ፣ አንገት አንገቱን ቆርጠን፣
ጠጠር ከሥር ጨምረን፣ ማስመሪያ ለጥፈን፣ በየድንጋይ ካቡ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አስቀምጠን፣
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ደወል ሳይደወል፣ ትምህርት ሳይጀመር፣
ሁሉም ያየውን ይጻፍ፣ በሚሊ ሜትር።

የእታገኝ አባት፣ በርኖሱን ደርቦ፣ መጣና ጠየቀኝ፦
«በልጉ ይጥላል ወይ? ገብሱን ልዝራ ወይ? መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ።»
አላውቅም አልኩት።
ቃሉ አፌ ውስጥ፣ እንደ አዲስ ጥርስ ነበር፤ በምላሴ ነካሁት።

እታገኝ ዜሮ ጻፈች። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ «ካልጣለ ልተወው?» አለችኝ፣ ልቧ ተማሮ።
«አትተዪ» አልኳት፣ «ዜሮም ወሬ ነው፤
አለመዝነቡን ያየ፣ ካልጻፈው ማን ሊያምነው?»

መጋቢት አሥራ አራት፣ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ፣ በረዶ ተንጣጣ፤
ባናዬን ደርቤ፣ ባትሪ ይዤ ብወጣ፣
አሥራ ዘጠኝ ሚሊ!

ጠዋት ክፍሉ ሁሉ፣ ቁጥር ሲጯጯህበት፣
ከገደሉ አፋፍ አራት፣ ከወንዙ ማዶ አሥር፣ እኔም የራሴን ስልበት፣
ምንተስኖት «አሥራ ሁለት» አለ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ።
ወንድሙ ከኋላ፦ «ጠርሙሱን ትናንትና፣ ፍየሏ ደፍታው የለ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሳቁበት። እጁ ላይ እስክሪብቶው ተንቀጠቀጠ፤
የኔም ፊት ነው እንጂ፣ ከሱ ፊት ጋር አብሮ የተለዋወጠ።
ቀይ ሲሆን ያላየሁት፣ ያ ፈሳሽ ትዝ አለኝ፤
አረንጓዴ ያለው ልጅ፣ ስሙ ጠፍቶብኝ፣ መልኩ ብቻ መጥቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቁጭ ብሎ አየኝ።

«አጥፋው» አልኩት። «ቦታው ባዶ ይቀመጥ።
ከጎኑ ጻፍበት፦ ፍየል ደፋችው በል። ያላየኸው ቁጥር፣ አሥራ ሁለትም ቢሆን፣ ከዜሮ አይበልጥ።»

ከዚያም ጠመኔዬን፣ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣
ስለ ቁምሣጥኑ፣ ስለ ቀዩ ፈሳሽ፣ ሁሉን ነገርኳቸው፣ ከመሃላቸው ገብቼ፣ ወንበር ተጋፍቼ።

ሃያ አምስት ቁጥርና፣ አንድ ባዶ ቦታ፣
ኔትወርክ ፍለጋ፣ ጉብታው ላይ ወጥተን፣ በስልክ ላክን ማታ።
ባለሙያው ደወለ፦ «ይህ ባዶው ምንድነው?»
«ፍየል ናት» አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀና፣ «እንኳን ባዶ ሆነ፣ እንዲህ ነው የምንፈልገው።»

የእታገኝ አባት፣ በማግሥቱ ገብሱን፣ ከጎታ አወጣው።
ይደግም ይሆን? አላውቅም።
ነገ አንድ ሰዓት ላይ፣ እታገኝ ታንብበው።