ሦስተኛው ረድፍ

ከዚራ፣ ማታ አንድ ሰዓት፤ ሙቀቱ ገና አልበረደ፤
የክፍሉ ማራገቢያ ሁለቴ ዞሮ ቆመ፣ እንደለመደ።
መምህር ረምዚ ሰሌዳውን በጠመኔ ከሦስት ከፈለ፤
«ሦስተኛውን ረድፍ ያልያዘ፣ እንግሊዝኛ አልያዘም» አለ።

እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከነሽርጤ፣ ከነሳሙናው ሽታ፤
ቀን የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፣ ግሥ አጥባለሁ ማታ።
«እንግዳ መቀበያው ላይ ትቆሚያለሽ» ብለውኛል፣ «ቋንቋሽ ሲጠራ»፤
አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከልጆች መሃል እጄን ለማውጣት ስፈራ።

ዎሽ፣ ዎሽድ፣ ዎሽድ። ይሄስ ጨዋ ነው፣ ጭራውን አስከትሎ ይገባል፤
ኦፕን፣ ኦፕንድ፣ ኦፕንድ። ይሄም ሰላም ብሎ ያልፋል።
ጭንቁ ሥርዓት የለሾቹ ናቸው፣ እንደ ድሬ ልጅ ደረት ከፋቾቹ፤
አንዱን ዕቃ ተሸክመው በሦስት ስም ኬላ አላፊዎቹ።
ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን።
ስፒክ፣ ስፖክ፣ ስፖክን።
ፑት፣ ፑት፣ ፑት፤ ይሄን የምታውቀው ባጃጅ ናት፤
በመስኮቱ ሥር እያነበነበች ታልፋለች፣ ፈተና ቢሆን አሥር ከአሥር ናት።

ከም፣ ኬም፣ ከም። መምጣት ደጉ!
ዞሮ ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ እንደ ወጉ።
መሄድ ግን
ጎ፣ ዌንት፣ ጎን።
አንዱ ሌላውን አይመስልም። እናቱ ብትጠራው አታውቀውም።

«ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ» ተባልን። እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ እኔ፦
«ማይ ሃዝባንድ ሃዝ ዌንት ቱ ጅቡቲ።»
በቀይ ከብቦ መለሰው፤ «ዌንት» ላይ ነበር ኩነኔ።
የጉምሩኩ ልጅ ቢሊሱማ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም፤
«ወይዘሮ ጥሩአየር» አለኝ፣ «ዌንት ብቻውን አዳሪ ነው፣ ድጋፍ አይፈልግም፤
ሃዝ ብለሽ ከጠራሽ ግን፣ አቤት የሚልሽ ሦስተኛው ነው።
ሃዝ ጎን በይ።»

ሃዝ ጎን። ክፍሉ አብሮ አለው፤ እኔ ግን ሰማሁት በአማርኛ፤
ጎን። በግድግዳው በኩል፣ ዘርጋው የሚተኛ።

ፍሬን ያዥ ነበር፣ በአሮጌው ባቡር፣ በፈረንሳዩ ሐዲድ፤
ፈረንሳይኛ ያውቃል፣ ያውም የብሎንና የፍሬን፣ ከዚያ የማይዘልቅ።
ባቡሩ ሲቆም እሱ ተነሣ፤ «ሁለት ወር ነው» አለኝ፣
ደቻቱን በእግሩ ተሻገረ፤ አሸዋው ደርቆ፣
መንገድ የሚዘጋ ጎርፍ እንኳ ጠፍቶ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፣ ርቆ።

እጄን አወጣሁ። «ሄዶ የመጣስ ምን ይባላል?»
«ሃዝ ቢን ነዋ! ሃዝ ቢን፦ ደርሶ የተመለሰ፤
ሃዝ ጎን፦ እዚያው የቀረ፣ ገና ደጃፍሽ ያልደረሰ።»
ለካ እነሱም፣ ለጠባቂ ሰው ቃል ለይተዋል፤
እኛ «ሄዷል» ብለን ዝም ነው፤ መመለሱን ሰሚው ይገምታል።

ደግሞ ያ ሃቭ የሚሉት! «አለኝ» ማለት አይደል? ገንዘብ አለኝ፣ ልጅ አለኝ።
ከጠፋ ነገር ጋር ምን አገናኘው? «አይ ሃቭ ሎስት»፦ የጠፋ አለኝ።
«አይ ሃቭ ብሮክን»፦ የተሰበረ አለኝ።
ያጣውን እንኳ እንደ ንብረት ቆጥሮ፣ አለኝ ብሎ ያድራል።
መምህር ረምዚ እንዲህ አላለም። የኔ ነው፤ ስህተት ይሆናል።

ቤት ስገባ ልጄ ኤልዳና ደብተሩን ይዛ ትጠይቀኛለች፤
እኔ የነገ ዩኒፎርሟን እተኩሳለሁ፤ ስሳሳት ወለሉን በእግሯ ትመታለች።
«ኢት?»
ኤት፣ ኢትን።
«ፎርጌት?»
እሱን ረሳሁት። ሳቀች።
«ጎ?»
ዌንት፣ ጎን። ይሄን እንኳ አልስትም አሁን።
«ዱ?»
ዲድ፣ አልኩ። ካውያውን አቆምኩና
ወደ ግድግዳው በኩል ዞር አልኩና፦
ዳን።
ለማን እንዳልኩት አልጠየቀችም፤
«ልክ ነሽ» ብላ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ምልክት አደረገች።