አፍ የለሽም

ሦስት ደቂቃ ፊልም ቆጥራ አስረከበችኝ፣
«አፍ የለሽም ዛሬ» ሃልሽካ አለችኝ።

ሎድዝ፤ የኅዳር ብርድ፤ የትራም ማደሪያው፤
ጡረተኛው ቪቶልድ፣ ትወና መጀመሪያው።

«ያልቅሱ» አልኩ በእጄ፤ አለቀሱ፣ ዋሹ።
«ይሳቁ» አልኩ፣ ሳቁ፤ ይባስ ተበላሹ።
ደገምን፣ ሠለስን፤ ፊልሙ ተንጠፈጠፈ፤
ሃያ ሰከንድ ቀረ፤ ብርሃኑም ሰነፈ።

«ይረፉ፣ በቃዎት» ብዬ ዞር ስል ለአፍታ፣
አሮጌው ትራም ውስጥ፣ ከመስኮቱ ተርታ፣
በኮት እጅጌያቸው አቧራ አራግፈው፣
ለሌለች ተሳፋሪ ጉልበታቸውን አጥፈው፣
ጠጋ አሉ።

ጣቴ ካሜራውን በራሱ አስነሳ።
«ቆይ» የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ፣
ዋጥኳት፤
ጥቅልሉ አልቆ ጠፍ ጠፍ እስኪል ድረስ።

በዚያ ቀን በወጉ ያዘጋጀሁት ነገር
የገዛ አፌ ነበር።