ወደ መብራት ሲይዙት

በዚያ በበረዶው ወር ሥራዬ ፊት መሸፈን ነበር።
ከቴህራን ደቡብ፣ ከጡብ ምድጃው ሰፈር፣
በሌሊት አውቶቡስ እየመጣሁ፣
እጅጌዬን ሰብስቤ ማተሚያው ፊት እቆማለሁ።
በመቶ ቱማኑ፣ በንጉሡ ጉንጭ ላይ
ጥቁር ሐረግ ማተም፣ ዓይኑ እስከማይታይ።
አንድ ሺህ በሰዓት። ቀለሙ ሳይደርቅ
ሌላ ሺህ ይመጣል፤ ንጉሥ መቼ ሊያልቅ!

ልጄ ጎልናር ዛሬ «በምን ተጀመረ?» ብላ ጠየቀችኝ፤
ደብተሯን ገልጣ፣ እርሳሷን ቀርጻ ፊቴ ተቀመጠችልኝ።
«ምክንያት አንድ፣ ምክንያት ሁለት፣ በቁጥር ነው» አለችኝ።

እኔ ቁጥር አላውቅም።

የማውቀው አባቴን ነው። መሬት ሰጡት በአዋጅ፤
ውሃው ለሌላ ቀረ፣ ለሹሙ ወዳጅ።
ደረቁን አፈር ትቶ፣ ሚስት ልጁን ጭኖ፣
የሰው ፎቅ ቆለለ፣ በጉድጓድ ቤት ሆኖ።

የማውቀው ያን ድግስ፣ በረሃ ላይ የተጣለ፣
ወጡ በአውሮፕላን የመጣ፣ ባሕር ማዶ የበሰለ፤
ራዲዮው ስለ ዘውዱ ዕድሜ ሲያወራ
እናቴ ቦኖው ጋ ተሰልፋለች፣ ከመቶ ባልዲ ጋራ።

የማውቀው ሆርሞዝን ነው፣ ታላቄን።
አንዲት ቅጠል ወረቀት ኪሱ ውስጥ ተገኘች፤
አራት ወር እናቴ እስር ቤቱ በር ዋለች።
በአምስተኛው መነጽሩን ሰጧት፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፤
ጋዜጣው የልዕልት ሠርግ ነው፤ ኬኩ ሰባት ደርብ አለው።

ይሄ የቱ ቁጥር ነው?

ከዚያማ ሙታን መሩን።
በአንድ ከተማ ተኮሱ፤ ሰው አርባቸውን ሊያወጣ ሌላ ከተማ ወጣ፤
አርባ ሊያወጣ በወጣው ላይ ተኮሱ፤ ሌላ አርባ መጣ።
አርባ አርባን ወለደ፣ ተዝካር ተዝካርን ጠራ፤
ለቅሶ ደራሹን ቤት ጠበበው፤ ጎዳና ወጣ፣ ተራ በተራ።
ነዳጅ አውጪው እጁን አጣጠፈ፤ በነዳጅ አገር ምድጃችን ቀዘቀዘ፤
ማህላቃ ጣሪያ ላይ ወጥታ በጨለማ ጮኸች፤ ከጣሪያ ጣሪያ ተያያዘ።

ያኔ ጋዜጣ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤
አንድ ቀን ከሰዓት፣ ነክቼው የማላውቀውን ትልቁን የእርሳስ ፊደል ከመሳቢያ መዘዝኩ፤
አንድ ቃል ገጣጠምኩ፦
«ሄደ»።
እጄ ተንቀጥቅጦ ቀለሙ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤
የማላውቀው ሰው አቅፎኝ አለቀሰ።

«እሺ፣ ውጤቱስ?» አለችኝ።

ከረሜላ ታደለ። እስር ቤቱን ሰብረን ገባን።
የሆርሞዝን ክፍል ፈለግኩ፤ ግድግዳው ሁሉ ጭረት ነው፤ የቱ የእሱ እንደሆነ ጠፋን።
በሩን የገነጠልነው እኛ ነን፤ ማን መልሶ እንደገጠመው አላየንም፤
በበጋው የማህላቃ ታናሽ እዚያው ገባ፤ ቁልፉ እንኳ አልተለወጠም።
እሷን «ጸጉርሽን ሸፍኚ» አሏት።
«ጣሪያ ላይ ስጮኽ ማንም አልነገረኝም» አለች፤
በማግስቱ ሸፍና ወጣች።

መንገዳችን የንጉሡን ስም ይዞ ነበር፤ ታፔላው ወረደ፤
ለጥቂት ወራት ስም የለሽ ቆየ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤
የጋጋሪው ልጅ ያዱላህ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ሄደ።
አሁን መንገዱ ያዱላህ ይባላል።
እናቱ ታክሲ ስትይዝ «ከመስጊዱ ማዶ» ነው የምትለው፤
ስሙን ጠርታ ወርዳ አታውቅም።

ዳቦ? ወረፋው አለ፤ ኩፖን ተጨመረ።
ጡብ ምድጃው ሰፈር ግን ውሃ ገባ፤ እውነቱ ይነገር፣ ይሄም ነበረ።

ጎልናር እርሳሷን አስቀመጠች፤ «ትጸጸታለህ?» አለች።
ሣጥኔን ከፈትኩ። ያጎቷን መነጽር፣
ከዚያ ወር ያስቀረሁትን አንድ የመቶ ቱማን ኖት፣
ሁለቱንም ሰጠኋት።
«ወደ መብራት ያዢው» አልኳት።

እኛ ያተምነው ከላይ ነበር።
ከሐረጉ በታች፣ ወረቀቱ ሲሠራ፣ ቀለም የማያገኘው ቦታ፣
ያው ግንባር ያው ጉንጭ ተቀምጧል፣ ዝም ብሎ፣ በእርጋታ።

መነጽሩ ከበዳት፤ አፍንጫዋ ላይ በጣቷ ደግፋ
ወደ አምፖሉ ተጠጋች፣ አንገቷን ቀልሳ፤
«ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር…» ስትል

መብራት ሄደ።