ውድ

ሐወሊ፣ ምድር ቤት፣ ከሻጂ ሱቅ ጓዳ፣
አርብ ከሰዓት ገባች የሐይቋ ሰዓዳ፤
እኔ መፍቻ ይዤ እንዳጎነበስኩ ነው፣
የሞተ ርካሽ ላፕቶፕ ሆድ ከፍቼ፣ ገዳዩን ልለየው።

«ለወንድሜ ነው» አለች፤ «እንድሪስ ነው ስሙ፤
ኮምቦልቻ ምህንድስና ገብቶ፣ ኮምፒውተር ነው ሕልሙ፤
ባለቤቱ ሲተኛ፣ የጓደኛውን ተውሶ
ሌሊት ይሠራበታል፤ ጎህ ሲቀድ ይሰጣል መልሶ።»

ሻጂ ሁለት አወጣ፤ ከመስታወቱ ላይ አሰለፈ።
አንዱ መቶ ሃያ ዲናር፦ ፕላስቲክ፤ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉዳል ሽፋኑ፤
አንዱ አራት መቶ፦ አሉሚኒየም፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነው ጎኑ።

ሰዓዳ በዲናር አታስብም፤ በወር ነው።
በክሎሪን የተላጠ ጣቷን አጠፈች፦ «ይኼ ወር ከግማሽ፤ ያ አምስት ወር ነው።
አምስት ወር ማለት...» አለችና ተወችው።
እኔው በልቤ ጨረስኩላት፦ ሰገነት ላይ የሚታጠብ ምንጣፍ፣
ሳህን፣ ሳህን፣ ሳህን፣ የረመዳን ሌሊት እንግዳ ሲጎርፍ።

«አንተ ሆድ ዕቃውን የምታውቅ፣ በል እስቲ ንገረኝ፣
ይህ ከዚያ በምን በለጠ? ልብሱ ነው ወይስ ገላው? አታሞኘኝ።»

ሻጂ ከጀርባዋ ዓይኑን ጠቀሰኝ፤
ውዱ ከተሸጠ አምስት ዲናር አለኝ።

እውነት እውነቱን ልናገር?
ስከፍታቸው አንድ ናቸው፤ ወንድማማች ናቸው፤
አንድ ፋብሪካ ነው ልባቸውን የሠራላቸው፤
ግማሹ ዋጋ ጀርባው ላይ ለተለጠፈው አርማ ነው።
ግን ደግሞ የርካሹ ማጠፊያ ዓመት ሳይሞላው ይነቃል፣
ባትሪው እንደ ሊጥ ይነፋል፣ ሐምሌ ሲመጣ ማራገቢያው ያቃስታል።
ግን ደግሞ ርካሹን እኔ አድነዋለሁ፤
ውዱ ሁለመናው ሙጫ ነው፤ ሲሞት «አላህ ያጽናሽ» እላለሁ።
ግን ደግሞ... «ግን ደግሞ» በዛብኝ፤
እጄ ላይ የነበረችው ብሎን ተንከባልላ ወለሉ ላይ ጠፋችብኝ።

ቀና ስል አትሰማኝም።
የውዱን ክዳን ባንድ ጣት ከፈተች፤ ዘጋች፤
ደግማ ከፈተች፤ ጆሮዋን አስጠግታ ዘጋች።

«የማዳም ልጅ ይኸው ነው ያለው። ስድስት ዓመቴ ነው ስወለውለው።
አቧራው በመስኮት ሲገባ፣ ከፊደሎቹ መሐል
አሸዋውን በስንጥር የምለቅም እኔ ነኝ፤
ይህን ማጠፊያ ስንት ሺ ጊዜ እንደከፈትኩት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?
አንድ ቀን ሲጢጥ አላለም።
ሾፌሩ በዚህ መሐል ሦስት ርካሽ ቀብሯል።»

ትንሽ ዝም አለች።
«ሲበራ ግን...» አለች። «አንድም ቀን አብርቼው አላውቅም።»

ቁልፉን ተጫንኩላት። ብርሃኑ አገጯ ላይ ወጣ።
የአማርኛውን ፊደል አመጣሁላት፤ ጣቷ እየፈራ መጣ፤
«ው» ብላ ቆመች፤ «ድ»ን እስክታገኝ ደቂቃ ፈጀባት፤
«ውድ ወንድሜ» — ከዚያ ወዲያ ቃል አጠረባት።

ሻጂ በትከሻዋ አጮልቆ፣ «ምንድን ነው ያለችው?» አለ።
የመጀመሪያዋን ቃል በዓረብኛ ነገርኩት፦ «ጋሊ»።
ዓረብኛውም እንደኛው ነው፤ ለገበያም ለልብም ያው አንድ ቃል።
ሻጂ ግን ነጋዴ ነው፤ ዋጋ የተከራከረች መሰለው፤
አንገቱን አከከና፣ «እሺ፣ ሦስት መቶ ዘጠና፤ መጨረሻው ነው።»

ካርቶኑን አቅፋ፣ ደረጃውን በጎን ወጣች ሰዓዳ፤
ክርኗን አስቀደመች፣ እንዳይነካው ግድግዳ።

አምስት ዲናሬን ተቀበልኩ፤ አልዋሽም።
ማታ ወለሉን ስጠርግ ሁለት ብሎን ተገኙ፤
አንዷ የዛሬዋ ናት፤ አንዷ ትናንት ከከፈትኩት ውድ የወደቀች።
መብራት ሥር ይዤ አገላበጥኳቸው፣
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየኋቸው፣
የቱ የየትኛው እንደሆነ
ልለይ አልቻልኩም።